አሽዋጋንዳ ከታይሮይድ ኪኒን ጋር ይወሰዳል?

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ዱባይ ነው። የወር አበባዬ ሲዛባ፣ የሕንዷ ኬራላ ተወላጅ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ በሞቀ ወተት በጥብጬ የምጠጣው የአዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) ዱቄት ሰጠችኝ። ማሸጊያው ላይ ሻታቫሪና አሽዋጋንዳ የሚሉ የሁለት ዕፅዋት ስሞች አሉ። ሻታቫሪ የዱር አስፓራገስ ሥር ነው፤ እሱ ብዙም አላስፈራኝም። የጨነቀኝ አሽዋጋንዳው ነው። ለታይሮይድ እጥረት በየማለዳው ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ፤ አሽዋጋንዳ ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ዱቄቱን ከጀመርኩ ወዲህ ልቤ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እንቅልፍም የለኝም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በኢንተርኔት ከሚሸጡ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 20 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። የእኔው ዕቃ የአምራች ስም እንኳ የለውም! ባልደረባዬ «እናቴም አያቴም ጠጥተውታል» ትላለች፤ እነሱ ግን የታይሮይድ ኪኒን አይወስዱም ነበር። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት የሆናችሁ፣ ዱቄቱን ዛሬውኑ ላቁም? የቲኤስኤች (የታይሮይድን ሁኔታ የሚያሳይ የደም) ምርመራውን ወዲያው ላድርግ ወይስ ካቆምኩ በኋላ ልጠብቅ?