የጃፓን ሽመና መሰብሰብ ለምትፈልጉ፦ ከጥጡ ጀምሩ

እህቴ፣ ኪዮቶ በገባሽ በሳምንትሽ የሐር ኪሞኖ (የጃፓን የባህል ልብስ) ልግዛ ማለትሽን አየሁ። ትንሽ ተረጋጊ። እኔም እንደመጣሁ እንደዛው ነበርኩ። መጀመሪያ የገዛሁትን የሐር ጨርቅ እንደ ነጠላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ ተጨማዶ ወጣ። ቺሪመን የሚሉት ነው፣ ማጉ በጣም ስለሚከረር ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከጥጥ ጀምሪ፣ ካሱሪ ከሚባለው። ካሱሪ ላይ ንድፉ የሚያዘው ከሽመናው በፊት ነው። ክሩን እየለዩ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፣ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፣ የታሰረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሸማኔው ድሩንና ማጉን ሲያገናኝ ነጩ ከነጩ ጋር እንዲገጥም ይለካል። ልክ ልኩን ስለማይገጥም የአበባው ጠርዝ ትንሽ ይደበዝዛል፣ እኔን የሚማርከኝም እሱ ነው። የታተመውን ለመለየት ገልብጠሽ እዪው። ክሩ የተነከረ ከሆነ ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው፣ ከታተመ ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ይነጣል።

ጨርቁን የምታገኚበት ገበያ እዛው ኪዮቶ ቶጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ነው፣ በየወሩ በ21። ኩካይ የተባለው መነኩሴ ያረፈበት ቀን ስለሆነ በየወሩ ይታሰባል፣ ልክ እንደኛ ወርኃዊ በዓል። በፈረንጆቹ ቢሆንም ቁጥሩ የማርያም ስለሆነ ረስቼው አላውቅም። በ25 ደግሞ ኪታኖ ቴንማንጉ በሚባለው መቅደስ ሌላ ገበያ አለ። ኪሞኖ የሚሰፋው 12 ሜትር ያህል ከሚረዝም ጠባብ ጥቅል፣ ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጦ ነው። ስለዚህ የተተረተረ ቁራጭ ብቻውን ይሸጣል፣ ዋጋውም ይቀላል። ለመማር ከዚህ የተሻለ የለም።

ሐሩን ስትለምጂ ዩኪ ጹሙጊ የሚባለውን የሐር ጨርቅ ፈልጊ። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2010 የመዘገበው ነው። እናቴ ጥጥ በእንዝርት ስትፈትል እያየሁ ስላደግኩ፣ ሴቶቹ ያለ እንዝርት ከተባዘተው ሐር ክሩን በጣታቸው እየሳቡ በምራቅ ሲያያይዙት ሳይ እንባዬ መጣ። ክሩ አይከረርም፣ ለዛ ነው ጨርቁ እንደዛ የሚለሰልሰው። ድሩን ደግሞ ሸማኔዋ በወገቧ ወጥራ ነው የምትሸምነው። ውድ ነው፣ መጀመሪያ በእጅሽ ዳሰሽው ብቻ ተመለሺ።

ቤት ስትወስጂው ፌስታል ውስጥ አታስቀምጪው፣ በወረቀት ጠቅልዪው። ጁን ላይ ዝናቡ ሲጀምር እርጥበቱ ጨርቅ ያሻግታል፣ ደረቅ ቀን ጠብቀሽ ጥላ ውስጥ አናፍሺው።

በሚቀጥለው 21 ትምህርት ከሌለሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ አብረን እንሄዳለን። ጥሩ ጥሩው ጠዋት ነው የሚያልቀው።