ጥቆማ፦ ለአሮጌ ቶዮታ ሞተሪኖ ማስጠገን፣ ያገለገለ መግዛት ወይስ አዲስ?

በውስጥ መስመር ስለ ሞተሪኖ (ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን ስለሚያስነሳው ዕቃ) የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል፤ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ ልጻፈው። የእኔ መኪና የ1994 ሞዴል ኮሮላ ነው፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱንም መንገድ ሄጄበታለሁ፤ አዲስ ገዝቻለሁ፣ ያገለገለ ገዝቻለሁ፣ አስጠግኛለሁ። ለቸኮለ ሰው መልሴ ይኸው፦ መኪናችሁ ላይ ያለው ሞተሪኖ ከፋብሪካ አብሮት የመጣው የጃፓን ሥሪት ከሆነ አትጣሉት፣ በአዲሱ ሂሳብ ላይ አስቀንሳችሁም ለሻጭ አትተዉት። ሞተሪኖና ዲናሞ መሥራት ዋና ሥራው የሆነ ኤሌክትሪሻን ፈልጉ፣ ዓይናችሁ እያየ ይፈታው።

ነዳጅ የሚጠቀም አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ያለንን መኪና ማቆየት ግድ ሆኖብናል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ አልረጋ ብሏል። ስለዚህ የብር ቁጥር አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያሳስታችኋል።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጥፋቱ የሞተሪኖው መሆኑን አረጋግጡ። ግቢያችን ያሉ አንዲት እናት «ሞተሪኖው ሞተ ተባልኩ» ብለው ብር ቆጥረው ይዘው ሲወጡ አገኘኋቸው። «እማማ፣ ቆይ አንዴ ልየው» ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስቶ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው የማሳ ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ለብሷል፣ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ብረቱ ሲያበራ መልሼ አጥብቄ አሰርኩት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ያ ብር በዚያው ወር ለቤት ኪራይ ዋለ።

ድምፁን አድምጡ። ቁልፍ ስታዞሩ «ጠጠጠጠ» ካለና የዳሽቦርዱ መብራት ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። አንዴ ብቻ «ጣ» ብሎ ዝም ካለና መብራቱም ካልደበዘዘ፣ ሶሌኖይዱ (ቁልፍ ሲዞር የባትሪውን ኃይል ለሞተሪኖው የሚያገናኘው ክፍል) ውስጥ ያሉት መዳቦች ተበልተዋል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ እንደ እኔው ባሉ አሮጌ ቶዮታዎች ላይ በጣም የተለመደው ጥፋት ይኸ ነው። «ዝዝዝ» እያለ በባዶ ከዞረና ሞተሩን ካላዞረው ቤንዲክሱ (ከሞተሪኖው ብቅ ብሎ ሞተሩን የሚያዞረው ባለ ጥርሱ ክፍል) እየተንሸራተተ ነው። ብረት የሚያኝክ ዓይነት ድምፅ ካሰማ ደግሞ የቮላኖው (ቤንዲክሱ የሚያዞረው፣ ሞተሩ ላይ ያለው ትልቁ ክብ ብረት) ጥርስ ይታይ፤ ጥርሱ ከተበላ የፈለጋችሁትን ሞተሪኖ ብትገጥሙ መልሶ ይበላዋል። ሞተሪኖውን መታ መታ ሲያደርጉት የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ (ውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው፣ እየተፋቀ የሚያልቀው ቁራጭ) ወደ ማለቁ ነው። በመታ መታ ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ከዚያ አንድ ማታ ልጆች ጭናችሁ ባላሰባችሁበት ቦታ ይቆማል።

የቮልት መለኪያ (ቴስተር) ያለው ሰው መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪውን ይለካ። ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ መጀመሪያ ባትሪውን አስፈትሹ። እኔ የማውቃቸው ባትሪ ቤቶች ያለ ክፍያ ይለካሉ።

አሁን ወደ ምርጫው። ከራሴ ስህተት ልጀምር። የመጀመሪያው ሞተሪኖዬ «ጣ» ማለት ሲጀምር ማንንም ሳልጠይቅ አዲስ ገዛሁ። ካርቶኑ ያምራል፣ ሞተሪኖው ያብረቀርቃል፣ ላዩ ላይ «ኒፖንዴንሶ፣ ጃፓን» ይላል። ሻጩ አሮጌውን ተቀብሎ ትንሽ ቀነሰልኝ፤ ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ እሱን መስጠቴ ነው። አዲሱ በስምንተኛው ወር፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ዳገት ላይ እምቢ አለኝ። ሱቁ ስመለስ ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን አሳዩኝ። ሲፈታ ከኋላ ያለው ኩሽኔታ ተነክሶ ቆሟል፣ ካርቦኑም ተፈረካክሷል። በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ፦ ለቶዮታ ሞተሪኖ የሚሠራው የጃፓን ኩባንያ ስሙን ኒፖንዴንሶ ከሚለው ወደ ዴንሶ የቀየረው እንደ ፈረንጆቹ በ1996 ነው። ስለዚህ በአሮጌ ሞተሪኖ ላይ ኒፖንዴንሶ የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ትናንት ከካርቶን በወጣ ዕቃ ላይ ካገኛችሁት ግን ሱቁን ትታችሁ ውጡ።

አዲስ ቅጂ (ዋናውን አስመስሎ ሌላ ፋብሪካ የሠራው) ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ቅጂ መሆኑን በግልጽ ነግሮ፣ የራሱን ስም ለጥፎ፣ በጽሑፍ የስድስት ወር ዋስትና የሚሰጥ ነጋዴ አጋጥሞኛል። የእናንተው ሞተሪኖ ቀፎው ከተሰነጠቀ ወይም አርማቸሩ (ውስጡ የሚዞረው፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ክፍል) ከተቃጠለ እንዲህ ያለው ያዋጣል። የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ ዘንድ ትክክለኛውን የቶዮታ ዕቃ በሻንሲ ቁጥር ማስፈለግ ይቻላል። ዋጋው ከሁሉም ይከብዳል፤ መኪናው እንጀራው ለሆነ፣ አንድ ቀን መቆም ለማይችል ሰው ግን ቅሬታ የለኝም፣ ይግዛ።

ያገለገለ ዕቃ ከተባለ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ገና ከመኪና ሳትወርዱ «አለቃ፣ ምን ጠፋ? ሞተሪኖ አለ፣ ዲናሞ አለ» የሚላችሁ አይጠፋም። ከደላላ ጋር አትዙሩ፤ አሮጌውን ሞተሪኖ ፈትታችሁ በማዳበሪያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱቅ ለሱቅ እያስተያያችሁ ፈልጉ። ይኸን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሩቅ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሞተሪኖዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የቤንዲክሱ ጥርስ ቁጥር ይለያያል፣ ወይም የቡሎኑ ቀዳዳ አንዱ ጥርስ ያለው ሌላው ለስላሳ ሆኖ ይገኛል። የቤንዲክሱን ጥርስ በጣታችሁ ቁጠሩ። ላዩ ላይ 12 ቮልት ማለቱን እዩ፤ ከናፍጣ መኪና የወጣ 24 ቮልት ተቀላቅሎ ይገኛል። ኃይሉም ተጽፏል፣ 1.0 ወይም 1.4 ኪሎዋት እንደ መኪናው። አሽትቱት፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ የሸተተ ዕቃ በርካሽም ቢሆን አይገዛም።

ከዚያ በባትሪ አስሞክሩ። ሞተሪኖው ሲነሳ ይወረወራልና መሬት ላይ በእግር ተረግጦ ወይም ሞርሳ ላይ ታስሮ ይሁን፣ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ይበቃል። ቤንዲክሱ ወደፊት ብቅ ብሎ መዞር፣ ሲለቀቅም ወዲያው መመለስ አለበት። በባዶ መዞሩ ግን ሞተር ያዞራል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ገጥሜ ካልሠራ እመልሳለሁ» የሚለውን በቃል አትቀበሉ፣ ደረሰኙ ላይ ከነቀኑ ይጻፍላችሁ። ከዚያ ከአዲሱ ወዲህ ያንን ያልጻፈልኝ ሱቅ ዘንድ ገዝቼ አላውቅም። እኔ ያገለገለውን የገዛሁት እንዲህ ነው፤ ከሻርጃ የመጣ ነበር፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ እሱም «ጣ» ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው ማስጠገን የገባኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዕድሜያቸውን በሞተሪኖ ላይ የጨረሱ ኤሌክትሪሻን ዘንድ ወሰደኝ። ጠባብ ኮንቴይነር፣ አንድ ሞርሳ፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ አርማቸሮች። «ጋሼ፣ አዲስ ልግዛ እንዴ?» አልኳቸው። «ገና ሳንከፍተው?» አሉና ተቀበሉኝ። ከሶሌኖይዱ ጀርባ ያሉትን ሦስት ትንንሽ ቡሎኖች ፈቱ፣ ክዳኑን አነሱ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩልኝ። ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። አንደኛው ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። የባትሪው ወፍራም ገመድ የሚያርፍበት ግን በዚያ በኩል ብቻ ተበልቶ ግማሽ ጨረቃ ሆኗል። በመካከላቸው የሚመታው ክብ መዳብም ጠርዙ ጠቁሯል። «ልጄ፣ ብረቱ ምንም አልሆነም፤ የሞተው ይኸ ብቻ ነው» አሉኝ።

ሁለቱን መዳብ ከነመቺው አዲስ ቀየሩ። አንዳንድ ቦታ መዳቡን ገልብጠው ወይም በሞረድ አስተካክለው ይመልሱታል፤ ለጥቂት ወራት ይሠራል፣ ከዚያ መልሶ ያው ነው። ስለዚህ «አዲስ መዳብ ግጠሙልኝ» በሉ፣ አሮጌውንም ተቀበሉ። ጋሼ ከዚያ ካርቦኑን በመለኪያ ለኩ፤ በእኔ ዓይነት ባለ 1.4 ኪሎዋት ላይ አዲሱ 15.5 ሚሊሜትር ሲሆን ከ10 በታች ከወረደ ይቀየራል። ቤንዲክሱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ መዞሩን በእጅ ሞከሩ። ቤንዚን ውስጥ አልነከሩትም፣ በጨርቅ ብቻ ጠረጉት፤ ሲነከር ውስጡ ያለው ግሪስ ታጥቦ ይወጣልና በአጭር ጊዜ መንሸራተት ይጀምራል። ጥሩ ጠጋኝን ከሌላው የምለይበት አንዱ ይኸ ነው። ሌላው፣ ሞተሪኖውን ከማስወለቁ በፊት ባትሪውንና ማሳውን የሚያይ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር ሁለት ሰዓት አልፈጀም፤ የከፈልኩት ደግሞ ያን የሚያብረቀርቅ አዲስ ከገዛሁበት ግማሹን እንኳ አይሞላም።

መዳቡን፣ ካርቦኑንና ቤንዲክሱን ራሳችሁ ገዝታችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች አሏቸው። እኔ ግን ጠጋኙ ራሱ ቢያመጣው እመርጣለሁ፤ ዕቃው ቢበላሽ «ያንተ ዕቃ ነው» የሚል ሰበብ አይኖርም።

በገዛ እጃችሁ ለማውለቅ ለጠየቃችሁኝ፦ በእኔ መኪና የ10፣ የ12 እና የ14 ቁልፍ ይበቃል። መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ ይኸን የዘለለ ሰው ቁልፉ ወፍራሙን ገመድና ቦዲውን ባንድ ላይ ሲነካ የሚወጣውን እሳት አይረሳውም። ወደ ሞተሪኖው የሚመጣው ወፍራም ገመድ በዳዶ የታሰረ ነው፣ ቀጭኑ የቁልፍ ሽቦ በሶኬት ይነቀላል። ሁለቱ ትልልቅ ቡሎኖች ካምቢዮው ላይ የሚያስሩት ናቸው፤ አንዱ ይታያል፣ ሌላው በጣት ተዳስሶ ነው የሚገኘው። ሁለተኛውን ስትፈቱ ሞተሪኖውን በሌላ እጅ ደግፉት፣ ከባድ ነው። ከሥር መግባት ካስፈለገ ክሪክ ብቻ አትመኑ፣ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡበት፤ እባካችሁ ይኸን እንደ ቀላል አትዩት። ስትመልሱ ሞተሪኖው ካምቢዮው ላይ የሚያርፍበትን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ማሳ የሚያገኘው በዚያ በኩል ነው። ሞተሩ ግሎ ሳለ ደግማችሁ ደጋግማችሁ አስነሱት፤ ብዙ ሞተሪኖ ሲቀዘቅዝ ይሠራና ሲግል ነው እምቢ የሚለው።

ለወንድሜ ቪትዝ አውቶማቲክ ለያዝከው፦ የአንተ ተገፍቶ አይነሳም፣ ስለዚህ «ጣ» ማለት ከጀመረ አትጠብቅ፣ በዚያው ሳምንት አስከፍተው። ለእህቴ «ወንድሜ ከዱባይ ሊመጣ ነው፣ ምን ልላከው» ላልሽኝ፦ የሞተሪኖው ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክሽ አንሺና ላኪለት። የቶዮታ ሞተሪኖ ቁጥር በ28100 ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት አኃዞች ወይም ፊደሎች ከእናንተው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ሙሉውን ከሚሸከም ደግሞ መዳቦቹንና ካርቦኑን ብቻ ቢያመጣ ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ይኸ ሁሉ የአዲስ አበባ ልምድ ነው። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ጎንደር ያላችሁ፣ ፊታችሁ ፈትቶ አዲስ መዳብ የሚገጥም ሰው የምታውቁ ሰፈሩን ከሥር ጻፉልን፤ ከጎንደር የጠየቀኝ ልጅ መኪናውን ዛሬም እያስገፋ ነው።