የካልሲው ሰነድ፦ እስከ ዓርብ እንጨርስ

ጸሐፊ፦ የብድር ማመልከቻችን ዓርብ ይገባል። ረቂቁ ይኸው። ማታ ትምህርት የተመለሱት 14 አባላት ከመስከረም እስከ ሰኔ ካልሲ ይሠራሉ፤ በሰው በወር 4 ጥንድ። ጥርና ሰኔ የፈተና ወር ስለሆኑ ሥራ የለም። ብድሩ ለክር ብቻ ነው። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

ሂሳብ ያዥ፦ በ8 ወር 448 ጥንድ ማለት ነው። ጥንዱ 100 ግራም ሲበላ ወደ 45 ኪሎ ክር። ያልታጠበ የበግ ጠጉር የምንገዛ ከሆነ ግን ከኪሎው 6 ጥንድ በላይ አትቁጠሩ፤ ቅባቱና ቆሻሻው ሲወጣ ሚዛኑ ይወርዳል። 75 ኪሎ በሉ። እንደ አምናው በጭቃ ሚዛን አልፈርምም።

የሞላሌዋ፦ ለሸማኔ የሚሸጠውን የባና፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ማግ ደግሞ እንዳታመጡ። ነጠላና ልል ነው፣ ተረከዙ ላይ ወዲያው ይበጠሳል። ጠበቅ ብሎ የተፈተለ፣ ሁለት ሁለት የተገመደ ተብሎ ይጻፍ። አጣቢዎቹም ካልሲውን ለብ ባለ ውሃ ሳያሹ ይጠቡ። በፈላ ውሃ የታሸ ጠጉር ይጠብቅና የአዋቂው ካልሲ ለሕፃን ይሆናል።

ባለ አምስት መርፌ፦ ተረከዙ ላይ ቀጭን የናይለን ክር አብሮ ይሠራ፣ ያለዚያ ሱፍ ብቻውን ቶሎ ይሳሳል። ልኩም አንድ ይሁን፦ 48 ዓይን (መርፌው ላይ ያለው የክር ቀለበት)፣ በአራቱ መርፌ 12 12። ለተረከዙ 24ቱን ብቻ 24 ረድፍ፣ የየረድፉን መጀመሪያ ዓይን ሳትሠሩ አሳልፉ። ከዚያ 8 8 8 ከፍላችሁ የመካከሉን 8 እየሠራችሁ የዳር ዳሩን አንዳንድ እያጣመራችሁ ጨርሱ። ከየጎኑ 12 አንሱ።

9ኛ ማታ፦ ዓይኑ በጠቅላላ ስንት ይሆናል? 54?

ባለ አምስት መርፌ፦ 56። 8 ከመካከል፣ 12 እና 12 ከጎን፣ 24 ከላይ። በየሁለት ዙሩ ከሁለቱም ጎን አንዳንድ ስትቀንሺ በ4 ጊዜ 48 ትመለሻለሽ። ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ የሚቀረው እዚያ አንድ ትርፍ ዓይን ስለማይነሳ ነው። አንሺና በሚቀጥለው ዙር ከጎረቤቱ ጋር አጣምሪው።

9ኛ ማታ፦ እንግዲያው ሰነዱ ላይ ይጻፍ፦ አንገቱና ቱቦው ቆጠራ ስለማይፈልግ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእረፍት ሰዓት ይሠራል፣ ተረከዙ ግን ለቅዳሜ ይቀመጥ። ለጥንድ 12 ሰዓት ይፈጃል፣ በወር 48 ሰዓት። ከዚህ በላይ የተጫነባት ትምህርቱን ትተዋለች።

የጠባሴዋ፦ ጥሩ። የመርፌውንና የናይለኑን ዋጋ ነገ ጠይቄ አመጣለሁ፣ ረቂቁንም እኔ ጋ አኑሩት፣ አጽፈዋለሁ። የካልሲው ምልክት ላይ ግን ምን ይባላል? «የደብረ ብርሃን ካልሲ» ነው አይደል?

የሞላሌዋ፦ ማን አለ? ጠጉሩ የእኛ የመንዝ፣ ፈታዮቹ የመንዝ።

ሂሳብ ያዥ፦ ሠሪዎቹ ደብረ ብርሃን ናቸው። ገዥውም የሚያውቀው ደብረ ብርሃንን ነው፣ የብርድ ልብስ ከተማ።

የሞላሌዋ፦ ብርድ ልብሱስ ስሙን ያገኘው ከምን መሰለሽ? መንዝ ባናውን ለብሶ ሲኖር እናንተ ከየት ነበራችሁ?

ሂሳብ ያዥ፦ ስድብ ከሆነ እኔ ወጥቻለሁ። ሂሳቡን የሚይዝ ፈልጉ።

ጸሐፊ፦ «የሰሜን ሸዋ» ብንለውስ?

የሞላሌዋ፦ ሰሜን ሸዋ በግ አይደለም።

ባለ አምስት መርፌ፦ ስሙን ተዉትና ስፌቱን ስሙኝ። ጨርቅ ምልክት አንገቱ ላይ በአራት ጎን ከተሰፋ ካልሲው አይለጠጥም፣ ሲለበስ ክሩ ይበጠሳል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ይሰፋ፣ ወይም ሁለቱን ካልሲ የሚያቅፍ የወረቀት መታጠቂያ ይሁን።

የሞላሌዋ፦ ወረቀቱ ላይስ ምን ይጻፋል?

ጸሐፊ፦ አርባ መልእክት ሆነ እኮ!

ሂሳብ ያዥ፦ ፊት ለፊት «የመንዝ ሱፍ»፣ ከኋላ «ደብረ ብርሃን ተሠራ»። ይብቃን። ስለ ባናው የተባለውን ትቼዋለሁ።

የሞላሌዋ፦ ፊደሉ እኩል ከሆነ ይሁን። እኔም አብዝቻለሁ።

ሂሳብ ያዥ፦ ወረቀቱን ካሳተምን ግን ለካልሲ ብቻ አይከፍለንም። ማተሚያ ቤቱ በትንሽ ቁጥር አይሠራም። ኮፍያም ይጨመር፣ ለገና ገበያ። ኮፍያ ተረከዝ የለው፣ ጣት የለው፣ ቶሎ ያልቃል።

ባለ አምስት መርፌ፦ በዚሁ ክር 112 ዓይን ነው። ለ8 ስለሚከፈል አናቱ ላይ ለመቀነስ ይመቻል።

ጸሐፊ፦ እሺ። ብድሩ ለክርና ለኅትመት ይባላል፤ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ 100 ኮፍያ፣ ካልሲው ከዚያ በኋላ። የጠባሴዋ፣ ዋጋው ምን ደረሰ?

ጸሐፊ፦ የጠባሴዋ?

9ኛ ማታ፦ 100 ኮፍያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ፈተናው ጥር። የቅዳሜውና የፈተናው ወር መስመር የት ሄደ?

ጸሐፊ፦ ምልክቱን ስናስተካክል አብሮ ተሰርዟል መሰለኝ። የመጀመሪያው ረቂቅ ማን ጋ ነው?

ሂሳብ ያዥ፦ የጠባሴዋ ጋ።