በዘመኑ «ነውር ያልነበረ» ጠለፋ ስህተት ነበር ማለት እንችላለን?

ጥያቄ — የልጅ ልጅ

ለወራት ሲያብሰለስለኝ የቆየ ጉዳይ አለኝና የእናንተን አስተያየት ለመስማት ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ገጠር ከምትኖረው ሴት አያቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር፤ ዕድሜዋ ሰማንያን ተሻግሯል። አንድ ምሽት ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ሳለ ከወንድ አያቴ ጋር እንዴት እንደተጋቡ ጠየቅኋትና በቤታችን በግልጽ ተነግሮ የማያውቅ ነገር ነገረችኝ። የ14 ዓመት ልጅ ሳለች ውኃ ልትቀዳ ወንዝ በወረደችበት ጎረምሶች አድፍጠው ጠበቋት፤ እንስራዋ ተሰብሮ፣ እየጮኸች፣ በፈረስ ጭነው ወሰዷት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌዎች ተላኩ፣ ካሳ ተቆረጠ፣ ከብት ተነዳ፣ ድግስ ተደገሰ፤ እሷም ሰባት ልጆች ወልዳ ሃምሳ ዓመት ያህል በዚያ ቤት ኖረች። እኛ የልጅ ልጆቹ ወንድ አያታችንን የምናውቀው በደግነቱ ነው።

ተቆጥቼ «ታዲያ ይህ ወንጀል አይደለም ወይ?» ስላት፣ «የዘመኑ ወግ ነው ልጄ፤ ያኔ ነውር አልነበረም፤ እናንተ በዛሬ ዓይናችሁ ነው የምታዩት» አለችኝ። ቀጥላም እንደ ዋዛ «እናትህን ግን ወንዝ ብቻዋን ልኬያት አላውቅም» ብላ ሲኒውን ሰበሰበች።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ትክክልና ስህተት ከዘመን ዘመን፣ ከአገር አገር የሚለዋወጥ ከሆነ አያቴ ልክ ናት፤ እኔም በእሷ ዘመን ላይ የመፍረድ ሥልጣን የለኝም። የለም፣ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ ነው ካልን ደግሞ በእቅፉ ያሳደገኝን ሰው፣ ካሳውን የቆረጡትን ሽማግሌዎችና ምርቃቱን «አሜን» ብለው የተቀበሉትን ጎረቤቶች ሁሉ በዳዮች ናቸው ማለቴ ነው። ሁለቱም አልዋጥልህ አሉኝ።

መልስ — ጠበቃ

ከሙያዬ ልጀምር። የዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ሲጸድቅ የድጋፍ ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ የመግለጫው አንቀጽ 16 ጋብቻ የሚፈጸመው በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ብሎ ከሰየመ በኋላ፣ ተጠላፊዋ ጠላፊዋን በነጻ ፈቃዷ ካገባችው ክስ እንደማይቀርብበት ደነገገ። እንግዲህ አያትዎ በተጠለፉበት ዘመን ግድም ድርጊቱ በወረቀት ላይ ወንጀል ነበር፤ ነገር ግን ድግሱ ወንጀሉን ያጥበው ነበር። በጠላፊዋ ቤት ለቀናት የቆየች፣ ወደ አባቷ ብትመለስ የሚያገባት እንደማይኖር የተነገራት የ14 ዓመት ልጅ «እሺ» ስትል ቃሉ ነጻ ፈቃድ ተብሎ የተቆጠረበትን አሠራር ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

ይህ ቀዳዳ የተደፈነው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 587 ጠላፊውን ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም። ለውጡን ደግሞ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ራሷን ስትከላከል ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች አንዲት የ14 ዓመት የአርሲ ልጅ በነጻ የተሰናበተችው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ነው፤ አገሩም በጉዳዩ ላይ ብዙ ተከራክሯል። ያቺ ልጅ ድርጊቱ በደል መሆኑን ለማወቅ የሕጉን መሻሻል አልጠበቀችም።

መልስ — የአንትሮፖሎጂ መምህር

እኔ ጥንቃቄ እንድናደርግ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1947 የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በላከው መግለጫ፣ የአንዱ ባህል መለኪያ በሌላው ላይ እንዳይጫን ያሳሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም። እኛም ከማንም በላይ የምናውቀው ነገር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከመውረሯ ጥቂት ቀደም ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ማስታወሻ በኢትዮጵያ የባሪያ ንግድ መኖሩን እንደ ማስረጃ ጠቅሳ፣ አገሪቱ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር ልትቀመጥ አይገባትም ብላ ተከራክራለች፤ ከዚያም በሰው ልጅ ስም የተከራከረው ያው መንግሥት በገበሬው ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ። «ለሁሉም የሚሠራ እውነት» በኃያላን አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም።

ሁለተኛው ነጥቤ የአያትዎን ቃል ይመለከታል። «ነውር አልነበረም» የሚለው አባባል በትክክል ሲመረመር የማኅበረሰቡን አስተሳሰብ ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም። ካሳ የሚቆረጠው በደል በተፈጸመ ጊዜ ነው። የልጅቷ ወንድሞች ጦር ይዘው ይነሡ እንደነበር፣ ሽማግሌ የሚላከውም ደም እንዳይፈስ እንደነበር ከአዛውንት ብንጠይቅ እንሰማለን። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ጠለፋን በደል ነው ይል ነበር፤ ተበዳይ ተደርጎ የተቆጠረው ግን አባትየውና ቤተ ዘመዱ ነበር። ይህን ሳንረዳ «ወጋቸው ነበር» ማለትም «አረመኔዎች ነበሩ» ማለትም ሁለቱም ሳያጠኑ መናገር ነው።

መልስ — አዋላጅ ነርስ

መምህሩ በመጨረሻ የተናገሩት ለእኔ የጥያቄው ሁሉ መክፈቻ ነው፤ ነገር ግን ድምዳሜው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደኛል። «በእነሱ ዕይታ ትክክል ነበር» ስንል «እነሱ» የምንላቸው እነማን ናቸው? ከብቱን የተቀበለው አባት፣ ካሳውን የቆረጡት ሽማግሌዎች፣ ፈረሱን የጋለቡት ጎረምሶች አስተያየት ተቆጥሯል። በፈረሱ ጀርባ ላይ ሆና የጮኸችው ልጅም የዚያው መንደር፣ የዚያው ቋንቋ፣ የዚያው ዘመን ሰው ነበረች፤ የእሷ ዕይታ ግን ከባህሉ ዕይታ ውስጥ አልገባም። አንድ ባህል አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው አድርገን ስንናገር፣ ያላሰብነው ቢሆንም፣ ጉልበት የነበራቸውን ሰዎች ዓይን መምረጣችን ነው።

የጠያቂው ጽሑፍ ላይ ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ስለ ወንዙ የተነገረው ነው። አያትዎ ጠለፋ ነውር እንዳልነበረ በአንደበታቸው ተናገሩ፤ በኑሯቸው ግን ልጃቸውን ወንዝ ብቻዋን ሳይልኩ አሳደጉ። ይህን ያስተማራቸው የውጭ ድርጅትም ሆነ የሬዲዮ ፕሮግራም አልነበረም። በራሳቸው ላይ የደረሰውን በልጃቸው ላይ እንዲደርስ አልፈለጉም፤ እኔ ስለ ትክክልና ስህተት ካነበብኩት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በሥራዬ የማየው ነገርም አለ። አጥንቷ ያልጠና ልጅ ስታምጥ ምጡ ለቀናት ይቆያል፣ አንዳንዷ ፅንሱን ታጣለች፣ ፌስቱላም ይይዛታል፤ ሽንቷን መቆጣጠር ተስኗት ከሰው ትሸሻለች። ገላዋ የዘመኑን ወግ አይጠይቅም። የአለባበስ፣ የአመጋገብ፣ የሠርግ፣ የለቅሶ ሥርዓት ከአገር አገር ቢለያይ ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም፤ ያለ ፈቃዷ የተወሰደች ልጅ ሕመም ግን የአመለካከት ጉዳይ አይደለም። ጣሊያን ባርነትን ሰበብ ማድረጓም ቢሆን ባርነትን ትክክል አላደረገውም፤ ነጻነታችን ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ የሻርነው እኛው ራሳችን ነን።

መልስ — የግዕዝ ተማሪ

በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር። «ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ» ውስጥ ጸሐፊው ያስጠጋውን ጌታ ቤት ታገለግል የነበረችውን ሒሩትን ለማግባት ሲጠይቅ፣ ጌታው አገልጋይ አድርጎ ሊሰጠው ቢፈልግም፣ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና አገልጋይ ልንላቸው አይገባም ብሎ ይመልሳል። መጽሐፉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያዊ ፈላስፋ ተጽፏል ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ዛሬም አለ፤ እኔ በዚያ አልገባም። ክርክሩ ከማይነካው ምንጭ ልጥቀስ፦ ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነት ሲደነግግ መጀመሪያ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን ያስቀምጣል፣ ከዚያም ጦርነት አንዱን ለሌላው አገልጋይ እንዳደረገ ይናገራል። የፈቀደውን ነገር ትክክል እንዳልሆነ አስቀድሞ የመሰከረ ሕግ ነው ማለት ነው። «ያኔ አያውቁም ነበር» የሚለውን አስተያየት የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

መልስ — ጠበቃ

ወንድ አያትዎን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ጥያቄዎ ውስጥ የሚያስጨንቅዎት እሱ ይመስለኛልና። በፍርድ ቤት ድርጊቱ ወንጀል መሆኑና ያድራጊው ጥፋተኝነት መጠን ለየብቻ ይመዘናሉ። ሁሉም በሚያደርገው ነገር ውስጥ ያደገ የሃያ ዓመት ወጣት ጥፋቱ ሊቀልለት ይችላል፤ በልጅቷ ላይ የደረሰው በደል ግን በዚያ ልክ አይቀልም። ስለዚህ ደግነቱን ለመካድ አይገደዱም፤ ያን ቀን ግን ትክክል ነበር ማለትም አይጠበቅብዎትም።

መልስ — የልጅ ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የነርሷን መልስ ካነበብኩ በኋላ ለአያቴ ስልክ ደወልኩላት፤ ወንድ አያቴ ስለዚያ ቀን አንስቶባት ያውቅ እንደሆነም ጠየቅኋት። ታሞ በተኛበት በመጨረሻው ዓመት አንድ ሌሊት ቀስቅሷት «ያን ዕለት ስትጮኺ ሰምቼሻለሁ፤ ፈረሱን ግን አላቆምኩም» ብሏት እንደነበረ ነገረችኝ። ምን ብላ እንደመለሰችለት ስጠይቃት ዝም አለች፤ ከዚያም መብራት ሊጠፋ ነው ብላ የእናቴን ደኅንነት ጠየቀችኝ።