«ያልለፋበት ብር»፦ ለገበሬ ጥሬ ብር ይሰጠው ወይስ አይሰጠው?

የሞላሌዋ፦
ትናንት ማታ አንድ ኤፍኤም ላይ ስለ ሰሜን ሸዋ ገበሬ ሲወራ ሰማሁና እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። እንግዳው «ለገበሬ በቀጥታ ብር መስጠት እጁን ማስፈታት ነው። ያልለፋበት ብር አይበረክትም፣ ጠላ ቤት ነው የሚያልቀው» አለ። አዘጋጁም ዝም ብሎ ወደ ማስታወቂያ ሄደ። እስቲ መንዝን የምታውቁ ተናገሩ። የእኛ ሰፈር የሴፍቲኔት (ምግብ ለማይበቃው ገጠሬ ብር ወይም እህል የሚሰጥበት የመንግሥት ፕሮግራም) ሰው በጋውን እርከን ሲክብ ነው የሚከርመው። የቱ ጋ ነው ያልለፋው?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
ሰውየው ምን አጠፋ? ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ነው። ዛሬም ያው ሰው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። ብር የሚያሳድግ ቢሆን መንዝ እስካሁን ጅሩን ያበድር ነበር። እኛ ውኃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት እያጠነፈፍን፣ በሬ እየቀለብን ነው የምንኖረው። ማንም ብር አላደለንም።

ባና ለባሽ፦
መጣ ደግሞ ጅሩ! ሜዳ ላይ ስንዴና ጤፍ እያፈሰ ደገኛውን ይመክራል። ወንድሜ፣ መንዝ ጓሳ ጥግ ገብስ ነው ያለው፣ እሱንም ውርጭ ይመታዋል። በልግ ከቀረ በግ ተሸጦ ነው የሚበላው። በጉ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚሸጥ አንተ ንገረን።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ አትቀላቅሉት። ሴፍቲኔት ሁለት ዓይነት ነው። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በአንድ ሰው ሒሳብ በወር 5 ቀን ይሠራል። እርከን፣ የገጠር መንገድ፣ ኩሬ። መሥራት የማይችለው፣ አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሳይሠራ ይሰጠዋል። ቀጥታ ድጋፍ የሚሉት እሱን ነው። እንግዳው ያልለፋበት ያለው የቱን ነው? የመጀመሪያውን ከሆነ ሰውየው ለፍቷል። ሁለተኛውን ከሆነ ደግሞ ወገቧ የጎበጠ ባልቴት ድንጋይ ትሸከም ነው የሚለው?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን የሚካበውን እርከን አይተውታል? ክረምት ሲገባ ይናዳል፣ በበጋ እዚያው ላይ ይካባል። ስም ይጠራል፣ አቤት ይባላል፣ ወደ ቤት ይኬዳል። ይሄ ነው ልፋት?

የሞላሌዋ፦
ስም ተጠርቶ አቤት ማለትን አንተ ነህ የምታውቀው። ደብረ ብርሃን ቢሮ ቁጭ ብለህ አይደል ጅሩ ነኝ የምትለን? የሥልጠና አበል ስትፈርም ለፍተህበት ነው?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
የእኔን ሥራ ምን አመጣው?

ባና ለባሽ፦
😂😂 መልስ እንጂ! አበሉ በረከተ?

አዲስ አበቤው፦
ጠቡን ተዉትና ማስረጃ እንይ። ኬንያ ሲያያ ውስጥ ጊቭዳይሬክትሊ የሚባል ድርጅት ከ10 ሺህ ለሚበልጡ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 1000 ዶላር ገደማ ሰጠ። ሥሩ አላላቸውም፣ ይህን ግዙ አላላቸውም። በስልክ ላከላቸው፣ አለቀ። ተመራማሪዎች ከ650 በላይ መንደሮችን ተከታተሉ። የተሰጠው ሰው ብቻ አይደለም የተሻለው፣ ያልተሰጠው ጎረቤትም ተጠቀመ። ብሩ እዚያው ሱቅና ገበያ ውስጥ ሲዞር ነበራ። የዕቃ ዋጋ የጨመረውም ከቁጥር የማይገባ ነው። ጠላ ቤት ለምትሉት ደግሞ የዓለም ባንክ ሰዎች ከብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። ብር የተሰጠው ሰው መጠጥና ሲጋራ ላይ አበዛ የሚባለው አልተገኘም።

ግሼ ራቤል፦
ኬንያውን ለኬንያ ተወው። እዚያ ብር የያዘ ሰው የሚገዛው እህል ገበያው ላይ አለ። እኛ ጋ ደግሞ በ1997 የሴፍቲኔቱ የቀን ሒሳብ 6 ብር ነበር፣ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የተተመነ። በ2000 እህል ሰማይ ሲነካ 8 ብር አደረጉት። 8 ብሩ ያንን 3 ኪሎ አልገዛም። ያኔ ሰዉ ብራችሁን ያዙ፣ ስንዴውን ስጡን ነበር ያለው። ሐምሌ 2016 የብራችን ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያለውንማ ሁላችሁም ሱቅ ትሄዳላችሁ። ስንዴ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም ኪሎው ኪሎ ነው። እና ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ብር ምን ይገዛል?

አዲስ አበቤው፦
ኪሎው ኪሎ የሚሆነው ስንዴው ሲመጣ ነዋ። ሰኔ 2015ን ረሳሽው? እርዳታው እየተሰረቀ ነው ብለው አሜሪካኖቹም የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በመላ አገሪቱ አቆሙት። ያውም ክረምት ሊገባ ሲል። መጋዘን ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ባለቤት አለው። በስልክ የተላከ ብር በማን ቁልፍ ይዘረፋል?

ግሼ ራቤል፦
ስልኩስ የማን ነው? የእኛ አገር ስልኩ ያለው አባወራው ኪስ ውስጥ ነው። ስንዴ ቤት ከገባ ሴቲቱ ትፈጨዋለች። ብር ቤት መግባቱንም ላታውቅ ትችላለች።

የሞላሌዋ፦
እዚህ ላይ እውነትሽን ነው። ግን ለሴቷ በስሟ ይላክላት ማለት እንጂ አይላክ ማለትን ምን አመጣው?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
ይኸው! አባወራው ጠላ ቤት እንደሚሄድ ራሳችሁ አመናችሁ።

የሞላሌዋ፦
ማን አመነ? ቀበሌ ደጃፍ ላይ ብር ሲከፈል ቆመህ አይተህ ታውቃለህ? ወረፋው ጫፍ ላይ ሌላ ጠረጴዛ አለ። የዚህ መዋጮ፣ የዚያ መዋጮ ይባላል። ሰውየው ጠላ ቤት ሳይደርስ ነው ብሩ የሚያንሰው። ስለዚያ ጠረጴዛ የሚናገር ኤፍኤም አልሰማሁም።

ባና ለባሽ፦
ተረጂ የሚመርጠውን ኮሚቴም ጨምሪ። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው አጎት ስሙ አለ። ምንም የሌለው ራስህን ችለሃል፣ ከሴፍቲኔት ተመርቀሃል ተብሎ ወጥቷል። ምረቃ ይሉታል እኮ! ዲፕሎማውን የት ይስቀለው?

ጡረተኛው መምህር፦
እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። መሬት አላት፣ በሬ የላትም። ስለዚህ መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፣ እሱም የራሱን አርሶ ሲጨርስ ነው ወደ እሷ የሚመጣው። ዘሩ ይዘገያል። ከምርቱ ግማሹ የእሱ ነው። ማዳበሪያ በዱቤ ከወሰደች ዕዳውን ለመክፈል ጥር ላይ ገብሱን በርካሽ ትሸጣለች፣ ሐምሌ ላይ ያንኑ ገብስ በውድ ትገዛለች። በኋላ ኑሮ ማሻሻያ ተብሎ በአንዴ ብር ደረሳት። አንድ በሬ ገዛች፣ ከባሏ ወንድም ጋር መቀናጆ ገቡ፣ በሬ ከበሬ አጣምረው ያርሳሉ። ዘንድሮ ምርቱ በሙሉ የገባው ከእሷ ጎተራ ነው፣ ጥር ላይም አልሸጠችም። ምን ተለወጠ ለምትሉ የተለወጠው ይኸው ነው።

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
መምህር፣ እሱማ በሬ ነው እንጂ ብር አይደለም።

ባና ለባሽ፦
በሬው ከሰማይ ወረደላት?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
ማለቴ በሬ ስጡ። ማረሻ ስጡ። ብር ስትሰጥ አንዱ በሬ ይገዛል፣ ዘጠኙ ተዝካር ይደግሳል። ወይ ቆርቆሮ ይገዛል። ቆርቆሮ ይበላል?

አዲስ አበቤው፦
ዘጠኙን ማን ቆጠረልህ? ቆርቆሮውን ደግሞ ኬንያም ገዝተዋል። ሣር ክዳን በየጊዜው ይታደሳል፣ ሣሩም ጉልበቱም ብር ነው። ያ ወጪ ቀረላቸው። አሰጣጡም ለውጥ አለው። በየወሩ የተሰጠው ሰው ምግቡ ተሻሻለ፣ በአንዴ የተሰጠው ደግሞ ንብረት ገዛ። እኛ ጋ እየቆራረጡ፣ ያውም እያዘገዩ ሰጥተው በሬ የት አለ ይላሉ።

የሞላሌዋ፦
ተዝካርንም ተወን። አባቱን ሳያወጣ የቀረ ሰው ነገ ሲታመም ማን ይሸከመዋል? ዕድርና ማኅበር የሌለው ድሃ ምን እንደሚሆን ቢሮ ሆኖ አይታይም። ደግሞ የአንተ ሰፈር የሠርግ ድግስ ስንት ሰንጋ ነው የሚጥል?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
በላባችን ያገኘነውን ነዋ የምንጥለው!

ባና ለባሽ፦
በላባችን አለ! ማዳበሪያው ላይ መንግሥት ድጎማ አላደረገም? ድጎማው ያልለፋህበት ብር አይደለም? ነው ወይስ በከረጢት ሲመጣ ስሙ ይቀየራል?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
ማዳበሪያ መሬት ላይ ይበተናል። ጠላ ቤት አይገባም።

ባና ለባሽ፦
ሌሊት በአህያ ተጭኖ የሚሄደው ዩሪያስ የት ነው የሚበተነው?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
ስም ማጥፋት ነው ይሄ። እኛን ሌባ ልትል ነው? መንዜ አፉ ብቻ!

የቡድኑ ኃላፊ፦
አገር ለይቶ መሳደብ ይቁም። ሌላ ጊዜ አስወጣለሁ።

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
አበል እየተባልኩ ስሰደብ የት ነበርክ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዲስ አበባ ያለው ልጅህ በየወሩ ብር ቢልክልህ እጅህ ይፈታል?

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
የልጅ ሌላ፣ የመንግሥት ሌላ።

ጡረተኛው መምህር፦
ምኑ ነው ሌላው? ለሁለቱም አልለፋህም።

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
ልጁን ማን አሳደገው?

የሞላሌዋ፦
ግብሩንስ ማን ከፈለ? ያች ባልቴት ዕድሜዋን ሙሉ የመሬት ግብር ከፍላለች። ይሄ ልፋት አይቆጠርም?

አዲስ አበቤው፦
እውነቱን ለመናገር ብዙው ብር የለጋሽ ነው፣ የግብር አይደለም። ትልቅ ለጋሽ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ደግሞ በ2017 ተዘግቷል። ይሰጥ አይሰጥ ስንል የሚሰጠው ሰው እየሄደ ነው።

የሞላሌዋ፦
አንተ ከማን ወገን ነህ?

ግሼ ራቤል፦
ስለ ልጅና ስለ ሠርግ ስታወሩ ዋላችሁ፣ የጠየቅሁትን ግን ማንም አልመለሰም። መንገድ ሲዘጋ ብሩ ምን ይገዛል?

ባና ለባሽ፦
መንገድ ሲዘጋ ስንዴሽስ በምን ይመጣል? በጭልፊት?

ግሼ ራቤል፦
ቀድሞ መጋዘን የገባው አለ ብዬ ነው።

አዲስ አበቤው፦
ወደ ቁልፉ ተመለስን።

ሰንጋ ቀላቢ (ጅሩ)፦
አሁን ደግሞ መንገዱንም ጅሩ ዘጋው በሉ።