ከዘመቻ በኋላ የተተዉ መጸዳጃ ቤቶችን በኅብረተሰቡ ጥረት መመለስ የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ
በአንድ የገጠር መንደር የንጽሕና ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተካሄደ ዘመቻ አብዛኛው አባወራ ጉድጓድ ቆፍሮ መጸዳጃ ቤት ሠርቶ ነበር፤ ይሁንና አንዳንዱ በክረምት ጎርፍ ተደርምሶ፣ አንዳንዱም ሞልቶ ሳይተካ በመቅረቱ፣ ብዙ ሰው ወደ ቁጥቋጦው ተመልሷል። አሁን ከኮሚቴው አባላት ከፊሉ ገንዘብ አዋጥተን በመንደሩ መካከል የሲሚንቶ የጋራ መጸዳጃ ቤት እንሥራ ሲል፣ ከፊሉ እያንዳንዱ ቤት እንደገና ይቆፍር ይላል። የትኛውን ትመክሩናላችሁ? አፈራችን አሸዋ የበዛበት መሆኑን ከግምት አስገቡልኝ።

መልስ 1
የጋራውን አልመክርዎትም። ለገበያ ወይም ለትምህርት ቤት ተገቢ ቢሆንም፣ በመኖሪያ መንደር ግን የሁሉም የሆነ ቤት ጠራጊ አያገኝም፤ በሌሊት ርቆ መሄዱም ለሴቶች፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከባድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል እንኳ፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የሚጋሩት መጸዳጃ ቤት፣ አሠራሩ ደህና ቢሆንም፣ «ውስን» ከሚባለው ደረጃ አያልፍም።

ከቁፋሮው በፊት መቅደም ያለበት ግን የነዋሪው ውሳኔ ነው። ሕንዳዊው የልማት ባለሙያ ካማል ካር እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻና በ2000 መጀመሪያ በባንግላዴሽ፣ ራጅሻሂ አውራጃ፣ ሞስሞኢል በተባለች መንደር የጀመሩት አካሄድ ያለ ድጎማ የተሠራ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው የመንደራቸውን ካርታ መሬት ላይ ሥለው የሚጸዳዱበትን ቦታ እንዲያመለክቱ፣ ከዚያም ቦታውን በእግራቸው ዞረው እንዲያዩ ያደርጋል። በዚህ አካሄድ ውስጥ የታወቀ አንድ ማሳያ አለ። አስተባባሪው ንጹሕ ውሃ በብርጭቆ ያቀርብና «ማን ይጠጣል?» ይላል፤ ፈቃደኛ አይጠፋም። ቀጥሎ አንዲት ፀጉር ሰገራ አስነክቶ ውሃው ውስጥ ይነክራትና ያንኑ ብርጭቆ መልሶ ይዘረጋል። ማንም አይቀበለውም። «ዝንብ ስንት እግር አላት?» ሲል ግን ስለ ምግባቸው ማሰብ የሚጀምሩት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

መልስ 2
በማሳያው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ይህ አካሄድ ያልሠራውን ሰው በአደባባይ ወደ ማሳፈር እንደሚያዘነብል ኮሚቴው ከወዲሁ ይወቅ። ጉድጓድ ያልቆፈረው ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ ጉልበት የሌላቸው አረጋውያን፣ የታመሙና ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች በዚያው ስም ዝርዝር ውስጥ አሉ። ለመዋጮ ያሰባችሁት ገንዘብ ለእነዚህ ቤቶች ወለልና ክዳን ቢውል፣ ቁፋሮውንም ጎረቤት በደቦ ቢሠራላቸው ይሻላል። አንድ ቤት ሜዳውን ከተጠቀመ ዝንቡ የሚሄደው ወደ ሁሉም ነውና፣ ሥራው ለእነሱ ውለታ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም።

መልስ 3
እኔ ስለ አሸዋው ልናገር፤ ዘመቻችሁን ያፈረሰው ስንፍና ሳይሆን አፈሩ ይመስለኛል።

ወርዱ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ፣ የላይኛው ግማሽ ሜትር ባዶ ቢተው፣ ወደ 2 ሜትር ኩብ ይይዛል። በደረቅ ጉድጓድ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር ክምችት ይታሰባልና፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት ከስድስት ዓመት በላይ ይገለገልበታል ማለት ነው። ሆኖም በአሸዋ ውስጥ ያለ ድጋፍ 3 ሜትር መውረድ ለቆፋሪው ሕይወት አደጋ ስለሆነ፣ በእናንተ ቦታ 1.5 ሜትር ላይ ቆማችሁ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቢያገለግል፣ ከዚያም ወለሉን አንሥቶ ወደ አዲስ ጉድጓድ ማዛወር ይመረጣል። ስለዚህ ወለሉ ሁለት ሰው ሊሸከመው የሚችል ቀላል ይሁን። አሮጌው በአፈር ተሸፍኖ ችግኝ ይተከልበታል።

ግድግዳውን በቀርከሃ ወይም በቅርንጫፍ በተጎነጎነ ድጋፍ አስይዙት። ቅርጹ ክብ እንጂ አራት ማዕዘን አይሁን፤ ክብ ግድግዳ የአፈሩን ግፊት በተሻለ ይቋቋማል። አፉን በአፈር ከፍ አድርጋችሁ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩለት። ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጉድጓዱ ታችም ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። በአሸዋ ውስጥ ቆሻሻ ውሃ ፈጥኖ ስለሚጓዝ፣ ቦታ ካላችሁ ከዚህም አርቁት።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የጋራውን ነገር ትተነዋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ መጸዳጃ ቤት ያላቸው ቤቶችም የሕፃናትን ሰገራ አጥር ሥር ይጥላሉ፣ «የልጅ ነው፣ ምንም አይልም» በማለት። ይህን እንዴት እናስረዳ?

መልስ 1
የሕፃን ሰገራ ከአዋቂው የባሰ እንጂ ያነሰ አይደለም፤ ተቅማጥና የአንጀት ትላትል የሚበዙት በልጆች ላይ ነውና። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ያ አጥር ሥር ደግሞ ልጆቹ የሚጫወቱበት ነው። ትራኮማን የምታዛምተው ዝንብም የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ እንጂ በጉድጓድ ውስጥ እምብዛም አይደለም። ፖፖ የሌለው ቤት በአካፋ አንሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምር፤ እናቲቱም ልጁን ካጠበች በኋላ እጇን በሳሙና፣ ካልተገኘም በአመድ ትታጠብ።