የጌም ዕቃ በካሬ መደርደር፦ ጨዋታ ነው ወይስ ሥራ?

ከየካ አባዶ፦

ሰላም ነው ቤተሰብ? ቅዳሜ ጌም ቤት የጀመርነውን ክርክር እዚህ እንቀጥለው ብዬ ነው። ያልነበራችሁ እንድትገቡበት ነገሩን ላስረዳ። አርፒጂ ጌም ላይ፣ ማለትም አንድ ሰው ይዘህ ከታች እያሳደግክ በምትጫወተው ላይ፣ ሰይፉም ጋሻውም መድኃኒቱም ቦታ ይፈልጋል። አንዳንዱ ጌም ዕቃህን በስም ዘርዝሮ ያስቀምጥልሃል። አንዳንዱ ግን ካሬ ካሬ የተሰመረ ሰሌዳ ይሰጥህና "በል አስገባ" ይልሃል። ቀለበት 1 ካሬ። ጥሩር 6 ካሬ። ካልገባ አልገባም። ወይ ሌላውን ታሸጋሽጋለህ፣ ወይ መሬት ላይ ትተኸው ትሄዳለህ። ይሄ ሽግሽግ ይኑር ወይስ ይቅር? ክርክሩ እሱ ነው።

እኔ ይኑር ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከአይሱዙ ልጀምር።

ቤተሰቤ ከፒያሳ ወደዚህ ሲገባ ዕቃችንን የጫኑት ሦስት ልጆች ነበሩ። እኔ ሁለት ጊዜ መመላለስ ግድ ነው ብዬ ነበር። ትልቁ ጫኝ መልስ አልሰጠኝም። ዕቃውን አንድ ጊዜ ዞሮ አየው። ከዚያ ቡፌውን ከጋቢናው ጀርባ አስጠጋ። ፍራሹን በቡፌውና በቁም ሳጥኑ መሃል አቆመው፣ እንዳይፋጩ። ሰሃኑ፣ ብርጭቆው፣ ጀበናው በልብስ ተጠቅልሎ ባዶው የውሃ በርሜል ውስጥ ገባ። የአልጋው ጣውላ ዳር ዳሩን ተሰካ። በአንድ ጉዞ ጨረስን። እኔ ቦታ የለም ባልኩበት ቦታ ያገኘ ሰው ነው። ይሄ ችሎታ ነው፤ ስታየው ደስ ይላል፣ ስትሠራው ደግሞ የበለጠ።

ዲያብሎ 2 የሚባለው አርፒጂ ጌም (2000) ላይ ሆራድሪክ ኪዩብ የሚባል ሳጥን አለ። ቦርሳህ ውስጥ የሚይዘው 4 ካሬ ነው። ስትከፍተው ግን ውስጡ 12 ካሬ አለው። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን ትዝ ያለኝ በርሜላችን ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ወንድሜ፣ ጫኙ እኮ ተከፍሎት ነው የጫነው። አንተ ከፍለህ ትጭናለህ።

እኔ ቤቴ ማሽን የለኝም። የምጫወተው በሰዓት እየከፈልኩ ነው። ባለፈው እሁድ በስልኬ ሰዓት ይዤ አየሁት። ከአንዱ ሰዓት ውስጥ 18 ደቂቃ ያለቀው ቦርሳው ላይ ነው። አንድ ጭራቅ ሳልገድል፣ አንድ እርምጃ ሳልራመድ! ማውስ ቢኖር ይዘህ መጎተት ነው። በጆይስቲክ ግን ካሬ በካሬ እየዘለልክ ነው የምትሄደው። ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ለመድረስ ጣትህ ይዝላል።

ደግሞ ሠሪዎቹ ራሳቸው ትተውታል። ዲያብሎ 3 በ2012 ሲመጣ ዕቃው ወይ 1 ወይ 2 ካሬ ብቻ ሆነ። በ2023 ዲያብሎ 4 ላይ ሁሉም እኩል 1 ካሬ ነው። ባለቤቱ የጣለውን እኛ ምን ብለን ነው ሙጥኝ የምንለው?

ከየካ አባዶ፦

የሰዓቱ ነገር እውነት ነው፤ አልከራከርህም። እኔ ላፕቶፕ ላይ ስለምጫወት ያን ያህል አስቤው አላውቅም። ግን ዲያብሎ ተወው ማለት ሁሉም ተወው ማለት አይደለም። የኒውዚላንዶቹ ፓዝ ኦፍ ኤግዛይል በ2013 የመጣው 12 በ5 ካሬ ይዞ ነው። ተከታዩም በዚያው ቀጥሏል።

ከጀሞ፦

የሁለታችሁም ነገር አልገባኝም። ክብደት ቆጥሮ መገላገል እያለ! ስካይሪም (2011) ላይ ስትጀምር 300 መሸከም ትችላለህ። አንድ የዘንዶ አጥንት 15 ይመዝናል። ሃያ አጥንት ያዝክ ማለት ሞላህ። ካለፍክ መሮጥ የለም። አለቀ።

ካሬውም እኮ ያው ቁጥር ነው፤ ሥዕል ስላለበት ነው የተለየ የሚመስላችሁ። ዲያብሎ 2 ላይ ቦርሳው 10 በ4 ነው፣ 40 ካሬ። አንድ ጥሩር 6 ካሬ ከያዘ ስድስት ጥሩር ይገባና 4 ካሬ ይተርፋል። ምኑ ነው እንቆቅልሹ?

ከየካ አባዶ፦

አይገባም! አምስት ነው የሚገባው። ስድስተኛው እጅህ ላይ ይቀራል።

እየው። ጥሩሩ ወርዱ 2፣ ቁመቱ 3 ነው። የቦርሳው ቁመት 4 ነው። አምስቱን ጎን ለጎን ስታቆም ወርዱ 10 ሞላ። ከታች አንዲት ረድፍ ቀረች። 10 ባዶ ካሬ አለህ፣ ግን 6 ካሬ የሚይዝ ጥሩር ማስገባት አትችልም። ዲያብሎ 2 ዕቃ አያስተኛልህማ፤ እንደቆመ ነው። ሬዚደንት ኢቭል 4 (2005)፣ አርፒጂ ባይሆንም፣ ሻንጣው ውስጥ መሣሪያህን እንድታዞር ይፈቅድልሃል። ዲያብሎ ላይም ማዞር ቢፈቀድ ስድስተኛው ይገባ ነበር። ማሰቢያው ያለው እዚያ ጋ ነው።

ክብደት ይሄን አያሳይህም። ዛሬም ነገም 300፣ 300 ነው። ካሬ ላይ ግን "ቦታ አለ" ማለትና "ይገባል" ማለት ለየብቻ ናቸው። ሶፋ ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

ከኮዬ ፈጬ፦

ልጆች፣ እኔ የጌም ቤት ባለቤት ነኝ፤ እንደ እናንተ ተጫዋች አይደለሁም። ደንበኛዬ አብዛኛው ኳስ ነው የሚጫወተው። ቢሆንም ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሁለት ልጆች አንድ ሴቭ፣ ማለትም ከቆመበት የሚቀጥል አንድ የተቀመጠ ጌም፣ በጋራ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ማታ ይመጣል፣ አንዱ ከሰዓት። አንድ ቀን የከሰዓቱ ልጅ ቦርሳው ሞላበት። ትንንሾቹን ዕቃዎች ኮተት መስለውት ሱቅ ወስዶ ሸጣቸው። ማታ የመጣው ልጅ ከፍቶ ሲያይ ሊያለቅስ ደረሰ። ለካ እነዚያ ቻርም የሚባሉት ናቸው፣ ስንት ወር የተለፋባቸው። እኔ ነኝ ያስታረቅኳቸው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሸጠው ልጅ ላይ መፍረድ አልቻልኩም። ከቦርሳ ውስጥ ያለ ነገር ዋናው ትጥቅ መሆኑን በምን ይወቅ?

ከየካ አባዶ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ ነገር ሐሳቤን አስተካከለልኝ።

ላልተጫወታችሁ፦ ቻርም በ2001 በመጣው የዲያብሎ 2 ተጨማሪ ክፍል የገባ ዕቃ ነው። አትለብሰውም፣ አትይዘውም። ቦርሳህ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ ይሠራል። ትንሹ 1 ካሬ ነው። መካከለኛው 2፣ ትልቁ ቀጥ ብሎ የቆመ 3 ካሬ። ምርጫው በጣም ደስ ይላል። ትንሹ ቻርም ሲበዛ 20 ነፍስ ይጨምርልሃል። ሦስቱን ብትደረድር 60። በዚያው ቦታ አንድ ትልቅ ብታቆም ነፍሱ ከ45 አያልፍም፣ ግን ከነፍሱ ጋር የአንድ ዘርፍ ችሎታህን በሙሉ በ1 ከፍ የሚያደርግ ይገኛል። የቱ ይሻላል? እኔና ወንድሜ በዚህ ስንከራከር ያመሸንበት ቀን ብዙ ነው።

ችግሩ ቻርሙና ኮተቱ አንድ ቦርሳ ውስጥ መሆናቸው ነው። ትልልቁን ቻርም አሥር ካቆምክ 30 ካሬ ሄደ። በቀረችው ረድፍ ትንንሾቹን ስትሞላ ያገኘኸውን ሰይፍ የት ታገባዋለህ? ጠንካራ በሆንክ ቁጥር ምንም ማንሳት የማትችል ትሆናለህ። ስለዚህ የቱሉ ዲምቱው ልጅ 18 ደቂቃ ያጠፋው በካሬው ምክንያት ብቻ አይመስለኝም። ትጥቅና ኮተት ተቀላቅሎበት፣ ያንን ሲለይ ነው።

ከለገጣፎ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስለ ዲያብሎ ብቻ ለምን ታወራላችሁ? ካሬው ራሱ ትጥቅ የሆነባቸው ጌሞች አሉ እኮ።

ሜጋ ማን ባትል ኔትወርክ 3 ላይ ናቪ ከስተማይዘር የሚባል ነገር አለ። ሲሰፋ 5 በ5 ካሬ ነው። የምትጫወቱበትን ልጅ የምታጠነክሩት ቅርፅ ቅርፅ ያላቸው ቁርጥራጮች እዚያ ላይ በመገጣጠም ነው። ዝም ብሎ መግባቱ አይበቃም። በመሃል የሚያልፍ መስመር አለ። አንዳንዱ ቁራጭ መስመሩን ካልነካ በትክክል አይሠራም። አንዳንዱ ደግሞ መንካት የለበትም። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ከተነካኩ ባግ፣ ማለትም ብልሽት፣ ይመጣል፣ ጉዳቱን ውጊያ ላይ ታገኙታላችሁ። እኔ አንዱን ቁራጭ ለማስገባት ደብተር ላይ እየሳልኩ ማታ ማታ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሲገባልኝ እናቴን ከመኝታዋ ቀስቅሻታለሁ። ኮተት ስደረድር እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ኪንግደም ኸርትስ 358/2 ዴይስ (2009) ይብሳል። እዚያ ሌቨል እንኳ ቦታ ይይዛል። ሌቨል ስታድጉ ቁራጭ ይሰጣችኋል፤ ካልሰካችሁት አላደጋችሁም። ድግምቱም መድኃኒቱም ከዚያው ሰሌዳ ላይ ነው የሚሻማው። አንድ ሌቨል ነቅዬ መድኃኒት ልስካ? ብላችሁ ታስባላችሁ። ይሄ ሥራ ነው የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ከየካ አባዶ፦

አንቺ፣ ቅዳሜ የት ነበርሽ? ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው።

አሁን ነገሩ ከየት እንደመጣ ልጨምር፣ ምክንያቱም መነሻው ራሱ ለአንቺ ይመሰክራል። የመጀመሪያውን ዲያብሎ ከሠሩት ዋናው ዴቪድ ብሬቪክ፣ የካሬውን ቦርሳ ሐሳብ ያገኙት ከኤክስ-ኮም (1994) መሆኑን በይፋ ተናግሯል። ኤክስ-ኮም ላይ ወታደሮችህ ተራ በተራ ነው የሚንቀሳቀሱት። እያንዳንዱ ወታደር በአንድ ተራ የሚያጠፋት የተቆጠረች ጊዜ አለችው። ቦምቡን ወገቡ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ወይ ጀርባው ያለው ቦርሳ ውስጥ ልታደርገው ትችላለህ። ከዚያ አውጥቶ እጁ ላይ ለማድረግ ከዚያችው ጊዜ ይቆረጥበታል፤ ስንት እንደሚቆረጥ የሚወስነው ያስቀመጥክበት ቦታ ነው። ቦታ ማለት ፍጥነት ነበር። ቦምቡን የት እንዳደረግከው ወታደርህን ያድነዋል ወይ ያስገድለዋል።

ዲያብሎ የወሰደው መልኩን ነው። ካሬው መጣ፣ የጊዜው ሒሳብ ቀረ። መድኃኒቱ ላይኛው ጥግ ሆነ ታችኛው ጥግ ለውጊያው ያው ነው። የመጀመሪያው ዲያብሎ ላይ ይባስ ብሎ ወርቁም ካሬ ይይዝ ነበር፣ በአንድ ካሬ እስከ 5000። ሁለተኛው ላይ ወርቁን ከቦርሳው አወጡት። ማንም ወርቁ ካሬ ይያዝ ብሎ ሲናፍቅ ሰምቼ አላውቅም። አልሚዎቹ ያኔ ትክክል አደረጉ። ዲያብሎ 4 ላይ ግን ኮተቱን ለማቅለል ብለው ቅርፁን በሙሉ ጣሉት። ሰይፍና ቀለበት እኩል ቦታ ሲይዙ ሳይ ቅር ይለኛል። ግዙፍ መጥረቢያ ስታነሳ ቦርሳህ ላይ ግዙፍነቱ መታየት ነበረበት።

ስለዚህ አቋሜን እንደገና ልበለው። ተዋጊውን የሚያጠነክረው ነገር በካሬ ይሁን፣ የራሱ ሰሌዳ ይኑረው፣ አጠገቡ ያለው ቁራጭ ይነካካው፣ ማዞርም ይፈቀድ። መንገድ ላይ የሚለቀመው ኮተት ግን ዝርዝር ይሁን፤ ካሬ ከሆነም አንድ ቁልፍ ስትጫን ራሱ ይደርደር። ባክፓክ ሄሮ በዚህ መንገድ ርቆ ሄዷል፤ ቦርሳው ራሱ ነው የሚዋጋው፣ ምን ከምን አጠገብ እንዳለ እየታየ።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ራሱ ይደርደር ካልክ ግማሹን ተስማማን። ግን ቁልፉ ከደረደረልኝ የጫኙ ችሎታ ያልከው የት ገባ? አይሱዙው ላይ ነበር እኮ የጀመርከው።

ከየካ አባዶ፦

ልክ ነህ፣ ጥያቄው ይገባል። ጫኙን ያደነቅኩት ቡፌው ቡፌ ስለሆነ ነው። ቢሰበር ቤተሰቤ ያዝናል። ያ አይሱዙ አሸዋ ቢጭን ኖሮ አካፋ ይበቃ ነበር። መንገድ ላይ የምለቅመው ተራ ሰይፍ አሸዋ ነው፣ ሄጄ ልሸጠው። እሱን በጥንቃቄ እንድደረድር ሲያስገድደኝ ጊዜዬን ነው የሚበላው። ቻርሜን ስደረድር ግን ቡፌ እየጫንኩ ነው።

ከጀሞ፦

የአምስቱን ጥሩር ነገር አሁንም አላመንኩም። 40 ካሬ፣ 36 ብቻ ነው የሚፈለገው።

ከለገጣፎ፦

ባለ ካሬ ደብተር ላይ 10 በ4 ሳልኩና ስድስት ቁራጭ ወረቀት ቆረጥኩ፣ 2 በ3። እንደቆሙ አምስት ነው የሚገባው፤ እሱ ልክ ነው። ሁሉንም ሳስተኛቸው ግን ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች ሆነው ስድስቱም ገቡ። ዳር ላይ አንድ ቀጭን ረድፍ፣ 4 ካሬ ተረፈች። ትንሿ እህቴ አጠገቤ ነበረች። ጌም ተጫውታ አታውቅም። ወረቀቱን ቀማችኝና "ቆይ እኔ ልሞክር" አለች። እስካሁን እያዞረችው ነው።

ከቱሉ ዲምቱ፦

ወረቀቱን ቅዳሜ ይዘሽው ነይ። ኮተቱን አንድ ጊዜ በእጅ፣ አንድ ጊዜ በቁልፍ እንደረድርና ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።